የኮድ ማህደር ሲበረበር

ቄራ ሥጋ ቤት የሚሠራ ብልት አዋቂ ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ታላቁን ከታናሹ ለይቶ ያወጣል። ጅማቱን ግን እንደ አንድ ብልት ነጥሎ ሊያስቀምጠው አይችልም፤ ከብልት ብልት እየተሻገረ ያልፋልና። ሶፍትዌርም የራሱ ጅማት አለው።

ለአንድ ሱቅ የተሠራ ፕሮግራም እንውሰድ። ሽያጩ፣ ዱቤው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱና የደንበኞች መዝገቡ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው እንዳይበላሽ። ነገር ግን ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው ሎግ፣ የተጠቃሚውን ፈቃድ የሚያጣራው ትእዛዝ፣ ሁለት ሰዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይለውጡት የሚቆልፈው ኮድ የየትኛውም ክፍል ንብረት አይደሉም። በሁሉም ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። እነዚህን ተሻጋሪ ጉዳዮች ልንላቸው እንችላለን። ግሬጎር ኪክዛሌስና ባልደረቦቻቸው በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማእከል ሆነው በ1997 እ.ኤ.አ. መላ አቀረቡ፦ የተበተነው ትእዛዝ አንድ ቦታ ይጻፍ፣ የትና መቼ እንደሚሠራም እዚያው ይገለጽ። ዘዴው አስፔክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ተባለ። ዓመታት ባስቆጠረ ኮድ ላይ ግን ከመሰብሰብ በፊት መፈለግ አለ።

አገር ቤት ለሚሠራ ፕሮግራመር ከሁሉ የሚቀርበው ተሻጋሪ ጉዳይ ቀን ነው። የምንገለገልባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎችና ዳታቤዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ከጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ደንበኛው ግን ደረሰኙ መስከረምን እንዲያሳይ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንዲጀምር፣ ሰዓቱ ከንጋት እንዲቆጠር ይፈልጋል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ በወርኃዊው ሪፖርት ለብቻዋ ትቁም ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር? የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ልማቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንደ አማራጭ አካቷል። ትንንሽ ፕሮግራሞች ላይ ግን ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ቀን በሚታተምበት ስፍራ ሁሉ አንድ ዓይነት የመቀየሪያ ትእዛዝ ይሰካል።

ይህን የተበተነ ትእዛዝ ለማግኘት አንዱ መንገድ ዛሬ ያለውን ኮድ መመርመር ነው፤ ከብዙ ቦታ የሚጠራ ትእዛዝ ካለ ይጠረጠራል። ሌላው መንገድ ታሪኩን መበርበር ነው። ፕሮግራመሮች እያንዳንዱን ለውጥ ጊት በመሳሰሉ ማህደሮች ያስቀምጣሉ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደጨመረ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ሲልቪያ ብሮይና ቶማስ ዚመርማን በ2006 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት መነሻው ይኸው ነበር፦ ተሻጋሪ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የለም፤ እያደር ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ለውጥ ያንኑ ትእዛዝ በብዙ ቦታ ከጨመረ፣ ያ ትእዛዝ ተሻጋሪ ሳይሆን አይቀርም።

ሙከራቸውን ካካሄዱባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ኢክሊፕስ የተባለው የኮድ መጻፊያ ነበር። በኅዳር 2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ፕሮግራሙን ቀጥ የሚያደርግ ስህተት ለማረም አንድ ፕሮግራመር የመቆለፊያና የመክፈቻ ትእዛዝ በ1,284 ሜተዶች (የኮድ ንዑስ ክፍሎች) ውስጥ አስገብቷል። ይህን ሁሉ ማንም በዓይኑ ተከታትሎ አይዘልቀውም፤ ማህደሩ ውስጥ ግን አንድ ለውጥ ሆኖ ተቀምጧል። ሥራው በአንድ ቀን ላያልቅ ስለሚችል፣ አጥኚዎቹ በተቀራራቢ ጊዜ የገቡትን ወይም አንድ ሰው የጻፋቸውን ለውጦችም አያይዘው አዩ። በኢክሊፕስ ላይ ዘዴው ከፊት ካሰለፋቸው 10 እጩዎች 90 በመቶው ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ በረዘመና ፕሮግራሙ በገዘፈ ቁጥር ውጤቱም ይሻሻላል።

ዘዴው የማህደሩ ጥራት ምርኮኛ ነው። ለሳምንት የተሠራውን ሁሉ ዓርብ ማታ በአንድ ኮሚት፣ ማለትም በአንድ የማህደር ምዝገባ፣ ጠቅልሎ የሚያስገባ ቡድን፣ የቀን ለውጡን ከቀለም ለውጡ ጋር ስለሚደባልቅ መለየት ያስቸግራል። ተጽፎ ካለቀ በኋላ ወደ ማህደር የገባ ፕሮግራምም የሚበረበር ታሪክ የለውም። ከዚህም ሌላ በየቦታው የሚጨመር ሁሉ ተሻጋሪ ጉዳይ አይደለም፤ የተለመደ የላይብረሪ ትእዛዝም ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው ዳኛ ኮዱን የሚያውቀው ሰው ነው።

የማህደር ብርበራ ጥቅም ኪስ ድረስ ይወርዳል። ካዛንቺስ ያለ አንድ ደንበኛ «ፕሮግራሙን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይርልኝ» ቢል፣ ሥራው ቀላል መስሎት ዋጋ የቆረጠ ፕሮግራመር ኪሳራው የሚገባው መሃል ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ቀንን የሚነኩ የቆዩ ለውጦች ስንት ፋይል እንዳዳረሱ ከማህደሩ ቢያይ፣ የት የት እጁን እንደሚያስገባ ይገምታል። መቀየሪያውንም አንድ ቦታ ጽፎ፣ ምክንያቱን አስፍሮ፣ በራሱ ኮሚት ቢያስቀምጠው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ፍለጋውን ያሳጥርለታል።