ልጁ በቤቱ ይቆይ፣ ጎጂው ይውጣ

ስለ ሕፃን ጉዳይ ፍርድ ቤት መሄድ ሲነሳ ብዙ ሰው ልጁ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ወደ ማሳደጊያ ሲወሰድ ነው የሚታየው። ከዚህ የባሰ የተሳሳተ ሥዕል አላውቅም። አብዛኛው የፍርድ ቤት ጥበቃ ልጁን ከቤቱ አያንቀሳቅሰውም። ቀለብ ይቆረጣል፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ሌላው ወላጅ መቼ እንደሚያየው ይወሰናል። መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ያሰፈረው ነው፤ ሕፃናትን በሚነካ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደህንነት ይቀድማል።

ቦንጋ ፍርድ ቤት ግቢ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት እናት፣ ሕፃን አዝላ፣ በእጇ የያዘችውን አቤቱታ ደጋግማ እያጠፈች፣ «ወንድሜ፣ ይህን ካስገባሁ ልጆቼን ይወስዱብኛል እንዴ?» አለችኝ። ባሏ ሲጠጣ ልጆቹን ይመታል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ፍርሃቷ ከዱላው በልጦ ነበር።

ለእሷ የነገርኳት፣ በ1992 ዓ.ም. ከወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁሉ አብልጬ የምወደውን አንቀጽ 82ን ነው። የክልል የቤተሰብ ሕጎችም በብዛት የዚህን ሕግ ፈለግ ተከትለዋል። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሳይጠብቅ፣ ወዲያውኑ፣ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አያያዝ ትእዛዝ ይሰጣል። ከባልና ሚስቱ አንዱ ከጋራ ቤት እንዲወጣ ሊያዝም ይችላል። ማን ይውጣ ሲባል ዳኛው የሚያየው የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። ቤቱ በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይወስንም። ስለዚህ ልጆቹ በለመዱት አልጋ እየተኙ፣ በለመዱት መንገድ ትምህርት ቤት እየሄዱ፣ ቤቱን የሚለቀው አዋቂው ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ግን ዛሬም ልጅ አዝለው በሌሊት ወደ ዘመድ ቤት የሚሸሹት እነሱ ናቸው።

የአባትነት ሥልጣን አይነካም የሚል ካለ፣ ከቀድሞው ደቡብ ክልል ተነሥቶ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የደረሰውን መዝገብ ቁጥር 23632 ያንብብ። በ2000 ዓ.ም. ሰበር ችሎቱ፣ አባት ስለሆነ ብቻ ልጁ ይሰጠኝ ያለውን ወገን አልተቀበለም፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት እንድትቀጥል ወሰነ። የወላጅ መብት ከልጁ ጥቅም በታች ነው ማለት ነው። የሰበር ትርጉም ቦንጋ ላይ የሚያስችለውን ዳኛም ያስገድዳል።

ልጁን ከቤተሰቡ ያለመነጠል ሐሳብ በወንጀል ጉዳይም አለ፤ ጥፋት የሠራ ልጅ እንኳ ከ9 እስከ 15 ዓመት ከሆነ፣ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 159 በክትትል ሥር ለዘመድ አደራ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ተረካቢው በጽሑፍ ግዴታ ይገባል።

ትእዛዝ ግን በራሱ እግር አይሄድም። ግልባጩን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ፖሊስም ቀበሌም ሳያውቁ የሚቀመጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቀለብ ለቀድሞ ሚስቱ የሚሰጥ ውለታ የሚመስለው አባትም፣ ልጁን «ሂድና ብር ተቀበለው» ብላ የምትልክ እናትም ልጁን ገንዘብ ሰብሳቢ ያደርጉታል። ከደመወዝ የሚቆረጥበት መንገድ እያለ ለምን? ኑሮ ተለውጦ ቀለቡ አልበቃ ሲልም ቤት ተቀምጦ ከማማረር ተመልሶ ማስሻሻል ይቻላል። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጁ ምን እንደደረሰበት ሳይጠይቁ «አስታርቀናል» ብለው ፋይል ማዘጋት እርቅ አይባልም።

እንግሊዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሕፃናት ሕግ፣ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ሳለ አንድ ባለሙያ እንዲከታተለው ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል፤ የባለሙያው ግዴታም ልጁን መምከር፣ መርዳትና ወዳጁ መሆን ነው። የኛው የቤተሰብ ሕግ ያንን አልያዘም። የአንቀጽ 82 በርም የሚከፈተው ፍቺ ሲጠየቅ ነው፤ ትዳሯን ማፍረስ ሳትፈልግ ልጆቿ እንዳይመቱ ብቻ የምትለምን እናት በዚያ በር መግባት አትችልም። ሕግ አውጪዎቻችን ፍቺን ሳይጠብቅ በራሱ የሚቆም የጥበቃ ትእዛዝ ሊደነግጉ ይገባል።