ቤሌርስ የጻፈው፣ ቤሌርስ ያልጻፈው

ጆን ቤሌርስ ለወጣቶች 28 የምሥጢር ልብወለዶች አልጻፈም። የጻፈው 15 ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ሰሞኑን 28ቱንም በቤሌርስ ስም የደረደረ የልጆች የንባብ ዝርዝር ሥራ ቦታው ላይ አግኝቷል። ዝርዝሩ ፎቶ እየተነሣ የአበሻ ወላጆች በተሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ቡድኖችም እየዞረ ነው። ስለዚህ ነገሩ በቅደም ተከተል ይቀመጥ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቤሌርስ በ1938 ሚሺጋን ውስጥ ማርሻል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በኖተርዳምና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ፣ በተለያዩ ኮሌጆች እንግሊዝኛ አስተማረ። በ1991 ማሳቹሴትስ፣ ሄቨርሂል ውስጥ ሲሞት 53 ዓመቱ ነበር።

2. ወደ ልብወለድ የገባው በአዋቂዎች መጽሐፍ ነው። በ1969 የወጣው «ዘ ፌስ ኢን ዘ ፍሮስት» ሁለት አዛውንት አስማተኞች አገር ምድሩን የሚያጨልም ክፉ ኃይል ሲጋፈጡ የሚተርክ ምናባዊ ልብወለድ ነው። ታላቋ ደራሲ ኧርሱላ ለጉዊን አድንቃዋለች። ጋሪ ጋይጋክስም በ1979 ለ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ ባዘጋጀው መመሪያ፣ ለጨዋታው መነሻ ከሆኑት መጻሕፍት መካከል ቆጥሮታል።

3. ቀጣዩን ሥራውንም ለአዋቂዎች ብሎ ነበር የጀመረው። ለወጣት አንባቢዎች እንዲሆን አድርጎ እንደገና ጻፈውና በ1973 «ዘ ሃውስ ዊዝ ኤ ክሎክ ኢን ኢትስ ዎልስ» ተብሎ ታተመ። ወላጆቹን በሞት ያጣው የ10 ዓመቱ ሉዊስ ባርናቬልት በ1948 አጎቱ ዘንድ ለመኖር ይመጣል። ቤቱ ግድግዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ተደብቋል፤ የደበቀው ሰው ያዘጋጀው ዓለምን ለማጥፋት ነው። ከተማዋ ኒው ዜበዲ ትባላለች እንጂ መልኳ የደራሲው የትውልድ ከተማ የማርሻል ነው። ሥዕሎቹን የሠራው ኤድዋርድ ጎሪ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለብዙዎቹ የቤሌርስ መጻሕፍት ሽፋን ሠርቷል።

4. ቆጠራው በየዋና ገጸ ባሕርዩ። ሉዊስ ባርናቬልት 3፣ አንተኒ መንደይ 4፣ ጆኒ ዲክሰን 8፤ ድምሩ 15። ከ1983 እስከ 1990 ባሉት ስምንት ዓመታት ብቻ 10 መጻሕፍት አሳትሟል። የመጨረሻው የአንተኒ መንደይ ታሪክ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1992 ነው።

ታዲያ የቀሩት 13 መጻሕፍት የማን ናቸው? የብራድ ስትሪክላንድ ናቸው። ቤሌርስ ሲሞት ሁለት ያልተጠናቀቁ ረቂቆችና ለሌሎች ሁለት መጻሕፍት የሚሆኑ አጫጭር የታሪክ ንድፎች ትቶ ነበር። ስትሪክላንድ አራቱን ከ1993 እስከ 1995 አጠናቀቀ። ከዚያ በእነዚያው ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርቶ ዘጠኝ አዳዲስ ልብወለዶችን ራሱ ፈጥሮ ጻፈ፤ የመጨረሻው በ2008 ወጣ። ዘጠኙን መጻሕፍት ከ1991 ጀምሮ በሕይወት ለሌለ ሰው መስጠት የሠራውን ሰው ድካም መንጠቅ ነው።

ይህን ለማጣራት የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ደቂቃ አይሞላም። የመጽሐፉን የውስጥ ገጽ መግለጥ በቂ ነው፤ የደራሲው ስም እዚያ ታትሟል። ስህተቱን የሚፈጥረው ሽፋኑ ነው። የቤሌርስ ስም መጽሐፍ ስለሚሸጥ፣ ከሞተ በኋላ በወጡትም ላይ ከገጸ ባሕርያቱ ስም ጋር አብሮ ተቀምጧል። ሽፋኑን ብቻ አይቶ ካታሎግ የሚሞላ ሰው የስትሪክላንድን ሥራ ለቤሌርስ ይመዘግባል፤ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ያንኑ መዝገብ ይገለብጣል፤ ከዚያ የንባብ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ተቋም ከመዝገቡ ይቀዳል። በመጨረሻ አንዲት እናት ስልኳን ይዛ መጥታ ስትጠይቅ፣ መልሱን ማስረዳት ያለበት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው።

እንዲህ ያለ ቸልተኝነት የሚደርሰው ደግሞ በልጆች መጻሕፍት ላይ ነው። ለአዋቂዎች መጽሐፍ ሲሆን የደራሲው ስም ሦስት ጊዜ ይጣራል። ለልጆች ሲሆን «ያው የልጆች ነው» ይባልና ይታለፋል። በጀቱ ሲቀነስ ቀድሞ የሚነካው የልጆች ክፍል ነው፤ ሥልጠና ሲሰጥ የሚዘለለውም እሱ ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ የወደደውን ደራሲ ስም ለይቶ ማወቅ መብቱ መሆኑን የሚረሱ ኃላፊዎች የንባብ ባህል ስለማሳደግ ባይናገሩ ይሻላል።

በ«ዘ ሃውስ ዊዝ ኤ ክሎክ ኢን ኢትስ ዎልስ» ላይ ተመሥርቶ በ2018 የወጣው ፊልምም ሌላ ብዥታ ጨምሯል። ኢላይ ሮዝ ያዘጋጀው፣ ጃክ ብላክና ኬት ብላንሼት የተወኑበት ይህ ፊልም ታሪኩን ከ1948 ወደ 1955 አዛውሮታል። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው መጽሐፉን አውቃለሁ ማለት አይችልም። በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ነገር የሉዊስ ብቸኝነት ነው። የቤሌርስ ልጅ ገጸ ባሕርያት ብዙውን ጊዜ ወላጅ የሞተባቸው ወይም የራቃቸው፣ ፈሪና ዓይን አፋር ናቸው፤ የልብ ወዳጃቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ሉዊስ ጎረቤቱን ሚስስ ዚመርማንን ያገኛል። እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ ለኮሪያ ጦርነት የሄደበት ጆኒ ዲክሰን ቁጡውን ፕሮፌሰር ቻይልደርማስን ያገኛል። የአንተኒ መንደይ ወዳጅ ሚስ ኢልስ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት።

ብዙ ወላጆች «አስማት አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ፣ በአብዛኞቹ አለ። ሆኖም ቤሌርስ ካቶሊክ ነበር፤ ጆኒ ዲክሰንም ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ሲፈራ የሚጸልይ ልጅ ነው። አስማት ጨርሶ ለማይፈልግ ቤተሰብ የ1978ቱ «ዘ ትሬዠር ኦቭ አልፊየስ ዊንተርቦርን» ይስማማል፤ አንተኒ በሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተደበቀ ሀብት የሚፈልግበት፣ በቤተሰቡ የገንዘብ ጭንቀት የተነሣ የሚታገልበት ንጹሕ የምሥጢር ታሪክ ነው። ማስፈራት ለሚወድ ልጅ የ1983ቱ «ዘ ከርስ ኦቭ ዘ ብሉ ፊገሪን» ይሰጠው። የሉዊስን ሦስቱን የጨረሰ ልጅ በ1993 ወደወጣው «ዘ ጎስት ኢን ዘ ሚረር» ይለፍ፤ ሲሰጠውም ቤሌርስ ጀምሮት ስትሪክላንድ እንደጨረሰው ይነገረው።