ስለ «ኢ-ረዚደንሲ» እና ስለ ተዛማጅ ሙያዊ ቃላት የአማርኛ አቻ አሰያየም

የኤስቶኒያ መንግሥት ከኅዳር 22 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2014) ጀምሮ በአገሩ ውስጥ ለማይኖሩ የውጭ አገር ሰዎች አንድ ልዩ መታወቂያ ይሰጣል። መታወቂያውን የያዘ ሰው ካለበት አገር ሳይነሣ በኤስቶኒያ ሕግ ኩባንያ ሊያቋቁም፣ ውል ሊፈርም፣ የግብር ማስታወቂያና የዓመት ሒሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ «ኢ-ረዚደንሲ»፣ በኤስቶንኛ «ኤ-ረሲደንትሱስ» ይባላል። በዚህ ዐይነት የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ከ100,000 በላይ ሆኗል። ስለ ጉዳዩ የሚናገር ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በቅድሚያ ወደ ብዕሩ የሚመጣለት ቃል «የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት» የሚለው ነው። እኛ ግን ይህ አቻ፣ ምንም እንኳ ከምንጩ ጋር ቃል በቃል ቢገጥም፣ አንባቢን የሚያሳስት ነው እንላለን።

«ነዋሪ» «ኖረ» ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ነው። ፍቹ በቦታ መገኘትንና መቆየትን አጣምሮ ይይዛል። «ለዘላለም ነዋሪ» ሲባል ጎልቶ የሚሰማው መቆየቱ ነው፤ «የመንደሩ ነዋሪ» ሲባል ግን ሁለቱም አሉበት። ከዚህም በላይ ቃሉ በአስተዳደር ቋንቋ ውስጥ ሥር ሰድዷል። በተለምዶ የቀበሌ መታወቂያ የምንለው የነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ የሚመሰክረውም ሰውየው በዚያ ቀበሌ የሚኖር መሆኑን ነው። እንግዲህ «የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት መታወቂያ» የሚል ሐረግ ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው፣ ያው የቀበሌ መታወቂያ በኤሌክትሮኒክ መልክ የወጣ ይመስለዋል። በዐረብ አገሮች በሥራ ላይ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ነዋሪነት» ሲባል ትዝ የሚለው «ኢቃማ» ነው፤ ይኸውም በዚያ አገር የመቆየትና የመሥራት መብቱ የተንጠለጠለበት ሰነድ ነው። ለእርሱ ቃሉ ተራ ስያሜ ሳይሆን ተስፋ ነው፤ ገንዘቡንም ጊዜውንም ሊያወጣበት ይችላል።

የኤስቶኒያው ካርድ ይህን ተስፋ አይፈጽምም። ዜግነት አይሰጥም፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ቪዛም አይሆንም፤ ወደ ኤስቶኒያም ሆነ ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር አያስገባም። የባለቤቱ ፎቶግራፍ እንኳ የለበትም፤ ስለዚህ የጉዞ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ ኬላ ላይ ማንነትን ለማሳየትም አያገለግልም። የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ዋስትና አይሆንም፤ ባንኩ እንደ ራሱ መመዘኛ ሊቀበልም ሊከለክልም ይችላል። ካርዱ ከተሰጠ ከአምስት ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። «ነዋሪ» ያልነው ሰው በቦታውም አልተገኘም፣ በጊዜም አልቆየም ማለት ነው።

ኤስቶኒያውያን ራሳቸው ቃሉን የመረጡበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። በቋንቋቸው «ኤላማ» ማለት መኖር ነው፤ ከዚህም «ኤላኒክ» (ነዋሪ) እና «ኤላሚስሉባ» (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚሉትን ቃላት አውጥተዋል። ነገር ግን አዲሱን አሠራር ሲሰይሙ ይህን የቤት ቃል ትተው፣ በግብር ሕጋቸው ውስጥ የነበረውን «ረሲደንት» የተባለውን የውሰት ቃል ወሰዱ። በመሆኑም ለኤስቶንኛ ተናጋሪ «ኤ-ረሲደንት» እና «ኤላኒክ» በድምፅ እንኳ አይቀራረቡም። አማርኛው «ነዋሪ» ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠቀልላቸው፣ ምንጩ የጠበቀውን ልዩነት ያፈርሰዋል። ቃል በቃል የተመለሰ ትርጉም ለምንጩ የታመነ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዲያ ምን እንበለው? «ዲጂታል ባለመታወቂያ» የሚለውን መርምረነዋል። ለጆሮ ይስማማል፤ ችግሩ ግን የኤስቶኒያ ዜጎችም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ መታወቂያ የያዙ በመሆናቸው ሁለቱን ወገኖች አይለይም። «ምናባዊ ነዋሪ» የሚለው ደግሞ ሰውየውን ተረት ያደርገዋል፤ ፊርማው ግን ተረት አይደለም፣ ፍርድ ቤት ያስገድዳል። የእኛ ምርጫ «የርቀት ተገልጋይነት»፣ ለሰውየውም «የርቀት ተገልጋይ» የሚለው ነው። «ተገልጋይ» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የታወቀ ቃል ነው፤ ካርዱ የሚሰጠውም በእርግጥ የአንድ መንግሥት አገልግሎት ተጠቃሚ መሆንን ነው። «ርቀት» የሚለው ቃል አለመገኘቱን በግልጽ ይናገራል። የሕጉን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ ግድ በሚሆንበት ሰነድ ግን «ኢ-ረዚደንት» የሚለውን የውሰት ቃል ከፍቹ ጋር አንድ ጊዜ ጽፎ መቀጠል ይሻላል።

ወደ መታወቂያው እንለፍ። በአገራችን የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 «ዲጂታል መታወቂያ» የሚለውን ስያሜ ስላጸናው ሌላ መፈለግ አያሻም። ጥንቃቄ የሚያሻው ከእርሱ ቀጥለው በሚመጡት ቃላት ላይ ነው። የኤስቶኒያው ካርድ ሁለት የሚስጥር ቁጥሮች አሉት። በመጀመሪያው ባለቤቱ «እኔ ነኝ» ይላል፤ በሁለተኛው «ተስማምቻለሁ» ይላል። «ማረጋገጥ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ከዋለ፣ አንባቢው በር በመግባትና ዕዳ በመፈረም መካከል ያለውን ልዩነት ያጣዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማንነት ማረጋገጥ»፣ ለሁለተኛው «መፈረም» ብቻ እንዲባል እንመክራለን። «ፊርማ» ራሱ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ ኤስቶኒያውያን «አልኪሪ» ይሉታል፤ «ከሥር የተጻፈ» እንደ ማለት ነው። በካርድ በሚደረገው ፊርማ ከሥር የሚጻፍ ነገር የለም፤ ቢሆንም ሁለቱም ቋንቋዎች የቀድሞ ቃላቸውን ይዘው ቀጥለዋል፤ መልካምም አድርገዋል፤ ምክንያቱም የሕግ ውጤቱ ከእጅ ፊርማ ጋር እኩል ነው።

«የምስክር ወረቀት» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በካርዱ ውስጥ ያለውንና የፊርማውን ባለቤት የሚመሰክረውን ኤሌክትሮኒክ መረጃ በዚህ ስም መጥራት ካርዱንና በውስጡ ያለውን ያደባልቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በካርዶቹ ውስጥ በነበረው ቺፕ ላይ የደኅንነት ጉድለት ተገኝቶ፣ የኤስቶኒያ መንግሥት ወደ 760,000 የሚጠጉ ካርዶችን «ሰርተፊኬት» በኖቬምበር 3 ቀን አግዶ ነበር። የርቀት ተገልጋዮችም ካርዶች ነበሩበት። የታገደው ካርዱ አልነበረም፤ ባለቤቱ መረጃውን ሲያድስ ያው ካርድ እንደገና መሥራት ችሏል። ይህን ዜና «የምስክር ወረቀቶች ተሰረዙ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ወረቀት በሌለበት ወረቀት ይጨምራል፤ እገዳንም ስረዛ ያደርጋል። «ሰርተፊኬት» እንዳለ ይቀመጥ።

ከኩባንያ ሕግ ቃላት መካከል ብዙ የሚያስቸግር የለም። «ኦሳዩሂንግ» («የድርሻ ማኅበር») በንግድ ሕጋችን «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ከሚባለው ጋር ይገጥማል። «ዩሃቱስ» የተባለው አካል ግን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ሲመጣ «ቦርድ» ይሆናል። «የቦርድ አባል» ሲባል የእኛ አንባቢ የሚያስበው በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሰበሰበውን የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተር ነው። በኤስቶኒያ ግን ይህ አካል አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ኩባንያውን የሚመራ፣ በስሙ የሚፈርምና በጥፋቱ የሚጠየቅ ነው። ስለዚህ «ሥራ አስኪያጅ» ሊባል ይገባዋል። ሥራ አስኪያጁ በውጭ አገር ሲሆን ኩባንያው በኤስቶኒያ «ኮንታክቲሲክ» የተባለ ሰው እንዲኖረው ሕጉ ያዝዛል። ይህን «ወኪል» ማለት አደገኛ ነው፤ ስለ ኩባንያው የመናገርም የመዋዋልም ሥልጣን የለውም። ለእርሱ የደረሰ ሰነድ ለኩባንያው እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ ሥራው ይኸው ነው። «ሰነድ ተቀባይ» በቂ ነው።

«ነዋሪ» የሚለው ቃል ለሌላ ሥራ ሳይነካ መቀመጥ ያለበት በግብር ምክንያት ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰውንም ድርጅትንም «ነዋሪ» ብሎ ይጠራል፤ ነዋሪ የሆነ ከዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል። ድርጅት በኢትዮጵያ ባይቋቋምም ዋናው አመራር የሚሰጠው ከኢትዮጵያ ከሆነ ነዋሪ ይሆናል። እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ የኤስቶኒያ ኩባንያውን በየቀኑ የሚመራ ሰው፣ በእንግሊዝኛው የኤስቶኒያ «ኢ-ረዚደንት» ይባላል፤ ኩባንያውም በዚያ ስለ ተቋቋመ በኤስቶኒያ ሕግ የግብር ነዋሪ ነው፤ በእኛ አዋጅ ግን ሰውየውም ኩባንያውም የኢትዮጵያ ነዋሪዎች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። «የኤሌክትሮኒክ ነዋሪ ነኝና ግብሬ በኤስቶኒያ አልቋል» ብሎ የሚያምን አንባቢ ይህን እምነት ያገኘው ከትርጉሙ ነው። በኤስቶኒያ ኩባንያ ትርፉን እስካላከፋፈለ ድረስ የትርፍ ግብር አይከፍልም፤ ሲያከፋፍል ግን ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 22 ከመቶ ይከፍላል። ይህን «ከግብር ነጻ» ማለት ሌላ ስሕተት ነው፤ «የዘገየ ግብር» እንበለው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከላይ የጠቀስነው ሰው ሁኔታ በተለመደው መንገድ ሲጻፍ «ነዋሪው በኤስቶኒያ ነዋሪ የሆነውን ኩባንያ የሚመራ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው» ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ባቀረብናቸው አቻዎች ግን «የርቀት ተገልጋዩ በኤስቶኒያ የግብር ነዋሪ የሆነውን ኩባንያ ከመኖሪያው ከኢትዮጵያ ሆኖ በሥራ አስኪያጅነት ይመራል» ተብሎ ይጻፋል።