ዘይቱ ለምን ረጋ? ስለ ኮሌስትሮል የቀረበ ማብራሪያ



ባለፈው ክረምት ቄራ አካባቢ ወዳለው የምግብ ፕሮግራማችን ወጥ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እህታችን የዘይቱን ጄሪካን አነሣችልኝ። ቀኑ ብርዳም ስለ ነበር ዘይቱ እንደ ሞራ ረግቷል። በጄሪካኑ ላይ ግን «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ አለ። «ወንድሜ፣ ጮማ ካልሆነ ለምን ይረጋል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ስለ መሰለኝ መልሱን በዚህ ላቀርበው ወደድሁ።

ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። ሰም የመሰለ ቅባት ሲሆን የሕዋሳታችን ሽፋን ያለ እርሱ አይቆምም፤ አብዛኛውንም የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ቅባት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ በደም ውስጥ የሚጓዘው በተሸካሚዎች ላይ ተጭኖ ነው። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ተሸካሚ ኮሌስትሮሉን ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሳል፤ ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። ኤል ዲ ኤል ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል። ይህ ለብዙ ዓመታት ያለ አንዳች ስሜት ይቀጥላል። አንድ ቀን ክምችቱ ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋና ቧንቧውን ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይሆናል።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። ኮሌስትሮል በብዛት የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ አልዋሸም። ነገር ግን ኤል ዲ ኤልን በይበልጥ ከፍ የሚያደርገው በምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን በብርድ የሚረጋው የቅባት ዓይነት ነው። ይህ ቅባት ሲበዛ ጉበት ኤል ዲ ኤልን ከደም መልሶ የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። በሸማቾች ማኅበራት በኩል ብዙ ሲታደል የቆየው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ቅባት ነው። የከብት ሞራም ከዚያ አይርቅም። ቅቤ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ከቅባቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚረጋ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ግን ጥቂት ብቻ ስላላቸው በብርድም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ።

እኛ ደግሞ የምንኖረው ቄራ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው ከከተማው ማረጃ ሲሆን የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በዐቢይ ጾም የሥጋ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሥጋና ቅቤ ያቆማሉ። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ወቅት የለም፤ ዱለቱም ክትፎውም ዓመቱን ሙሉ ነው። ይህን ስል ወደ ሥርዐት እንመለስ ማለቴ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን 7ን ይዞ ጮማ መብላት ኃጢአት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ሰምቻለሁ፤ ያ ስለ መሥዋዕት የተሰጠ ትእዛዝ ስለሆነ እኔ አልስማማበትም። ነገር ግን በሠርግና በምስጋና ቀን ሽሮውንም ምስሩንም በቅቤ ማስዋኘት ምን አስፈለገ? ምስር፣ ባቄላ፣ አጃና አብሽ የያዙት ገለባ ኮሌስትሮልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቅቤው ግን ያንን ጥቅም ያጠፋዋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ለፕሮጀክት ሠራተኞች አለኝ፤ ይህ ምክር ለአዋቂዎች ነው። የተጎዱ ሕፃናት ለማገገም ቅባት ያስፈልጋቸዋል። ይህን አንብቦ ከሕፃናቱ ገንፎ ዘይት የሚቀንስ ሰው ቢኖር ከመጻፌ አለመጻፌ ይሻል ነበር።

ከሲታ ሰው አያገኘውም የሚሉ አሉ። ከጉባኤያችን ሥጋ በመሸከም የሚተዳደር አንድ ቀጭን ወንድም ነበረን። አባቱ ገና በጎልማሳነቱ በልብ ሕመም ሞቷል። ወንድማችን ሲመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 290 ሆነ፤ ሐኪሙም አቶርቫስታቲን አዘዘለት። ይህ መድኃኒት ጉበት የሚሠራውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ሲያቆሙት ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠኑ ይመለሳል። እርሱ ግን ከተጸለየለት በኋላ መድኃኒቱን መቀጠል አለማመን መሰለውና ተወው። ማንም ተው አላለውም፤ እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። በሰባተኛው ወር ግራ እጁና እግሩ ዛሉ። ዛሬ በከዘራ እየተደገፈ ለአምልኮ ይመጣል፤ ሸክም ግን አይሸከምም። ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚፈወስ ከተነገረው በኋላ እንኳ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ ማዘዙን ያን ጊዜ ባስታውሰው ኖሮ! ምዕራፉ ኢሳይያስ 38 ነው፤ መድኃኒት ላቋረጡ ወገኖች አንብቡላቸው።

ስለ ምርመራው ጥቂት ልጨምር። የኮሌስትሮል ብዛት የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ጠቅላላው ከ200 በታች፣ ኤል ዲ ኤል ከ130 ቢቻል ከ100 በታች፣ ኤች ዲ ኤል ደግሞ ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በላይ ቢሆን መልካም ነው። ስኳር ያለባቸውና ስትሮክ የደረሰባቸው ግን ከዚህም ዝቅ እንዲል ስለሚፈለግ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ደም ግፊት ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በጎልማሳነቱ በልብ ሕመም የሞተበት ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

እህታችን የኑግ ዘይት ዋጋ ከበጀቷ በላይ ሆኖባታል። ስለዚህ ለሠራተኞች ምሳ ዘይቱን ከጄሪካኑ በቀጥታ ማፍሰስ ትታ በማንኪያ እየለካች ታወጣለች። የሕፃናቱ ድርሻ እንደ ቀድሞው ነው።