ስለ ወር አበባ መዛባትና ስለ ወሊድ መከላከያ መርፌ እንወቅ

ከማሠልጠኛው ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንመደበው ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ኮኪት፣ ወደ ሽንፋና ወደ ቋራ ቆላ ነው። ጤና ጣቢያ በራቀበት ቀበሌ ደግሞ መምህር የሚጠየቀው ስለ ፊደል ብቻ አይደለም። ሴቶች ጠጋ ብለው በጆሮ ከሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው፦ «መርፌውን ከተወጋሁ ወዲህ አበባዬ ቀረ፤ ደሙ ውስጤ ታምቆ ይሆን እንዴ?» ሌላዋ ደግሞ «የኔስ አላቋርጥ አለኝ» ትላለች። ትክክለኛው መልስ ካልተሰጠ ሴትዮዋ መርፌውን በዝምታ ትተወዋለች፤ ሳታስበውም ታረግዛለች።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 41ዱ የወሊድ መከላከያ ይጠቀማሉ። 27ቱ የሚጠቀሙት መርፌውን፣ 9ኙ ደግሞ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ነው።

1ኛ/ ጤነኛ ወር አበባ የቱ ነው?

አንዱ ወር አበባ ከጀመረበት ቀን እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤነኛ ነው። ደሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። አበባ ማየት በጀመረች ልጅ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 45 ቀን ሊራራቅ ይችላል። ከባድ ሕመም፣ የምግብ እጥረትና ጭንቀትም ያዛቡታል። ስለዚህ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አበባዋ ዘገየ ተብሎ «አርግዛለች» ብሎ ማማት ልጅቱን ከትምህርት ገበታዋ ማፈናቀል ነው።

2ኛ/ መርፌው ምን ይሠራል?

ማኅፀን በየወሩ በውስጡ ሽፋን ያበጃል። ጽንስ ካልተፈጠረ ሽፋኑ ፈርሶ ከደም ጋር ይወጣል፤ ወር አበባ የምንለው ይህንኑ ነው። መርፌውም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ፕሮጀስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት አላቸው። ይህም እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፤ ሽፋኑንም ያሳሳዋል። የሳሳ ሽፋን የሚፈርስ ነገር የለውም። እንግዲህ ደሙ አልታመቀም፤ ከመጀመሪያውም አልተጠራቀመም። ያልተሞላ እንስራ አይፈስም እንደማለት ነው።

የሳሳው ሽፋን በቀላሉ ስለሚላጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ወይም ቀኑን ያልጠበቀ ደም ይታያል። ከጊዜ በኋላ ይቀንሳል። መርፌውን አንድ ዓመት ከተወጉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ጭራሽ አበባ አያዩም። ራስ ምታትና ጥቂት ክብደት መጨመርም ያጋጥማል። መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ሊፈጅባት ይችላል፤ «መካን አደረገኝ» ብላ አትስጋ።

3ኛ/ ምን እናድርግ?

ሀ/ በዝምታ አለማቋረጥ። ካልተስማማት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክራ ሌላ ዘዴ ትተካ።

ለ/ ደሙ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን ደብተር ላይ መጻፍ። ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ሐ/ ቀጠሮ ማክበር። መርፌው በየ3 ወሩ ይሰጣል። በክረምት የዋልካው መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ እንዳያልፍ 2 ሳምንት አስቀድሞ መወጋት ይቻላል። ቢያልፍም እስከ 4 ሳምንት ድረስ መድረስ ይቻላል፤ «አልፎኛል» ተብሎ አይቀርም።

መ/ ወባ ባለበት አገር ደም ማነስ ይበረታል። ምስር፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ከተገኘም ሥጋ መብላት፣ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ ይጠቅማል። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ተብሎ ይጠጣ።

ሠ/ ደሙ ካስቸገረ ባለሙያው ለጥቂት ቀናት አይቡፕሮፌን ሊያዝ ይችላል። አስፕሪን ግን ደም ስለሚያበዛ አይሆንም። የጎረቤት ኪኒን ወይም ጽሑፉን የማናነበውን፣ ከድንበር ገበያ የተገዛ መድኃኒት መዋጥ አደጋ አለው።

ረ/ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለባለሙያው ትንገር። ሪፋምፒሲን የሚባለው ኪኒኑንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ መርፌውን ግን አይነካም።

4ኛ/ ስለ ፖስትፒል

ይህ በተለይ እኛን ሠልጣኞችን ይመለከታል። ፖስትፒል በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ቢሆን ደግሞ የበለጠ፣ ይሠራል። ቀጣዩን አበባ በጥቂት ቀናት ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል። ለክፉ ቀን የተዘጋጀ እንጂ አዘውትሮ የሚዋጥ አይደለም፤ ሲደጋገም አበባን ያዛባል።

5ኛ/ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

• በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ ወይም ጨርቅ የሚያርስ ደም ከ2 ሰዓት በላይ ሲቀጥል፣ ወይም ራስ ሲያዞር፤
• ደሙ ከ8 ቀን ሲያልፍ ወይም ከወትሮው እጥፍ ሲሆን፤
• አበባ ቀርቶ በታችኛው ሆድ በአንድ ወገን ብርቱ ሕመም ሲሰማ፤
• ኪኒን በምትውጥ ሴት ላይ የአንድ እግር ማበጥ፣ የደረት ውጋት፣ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት ሲታይ።

በመተማ ቆላ አንድ ነገር እንጨምር። ትኩሳት ከ2 ሳምንት በላይ አለቅ ብሎ፣ ሰውነት ከስቶ፣ ሆድ በግራ በኩል ካበጠ «የመርፌው ጣጣ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል።

በመጨረሻም ወንድ ጓደኞቻችን ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ገጹን እንዳያልፉት እናሳስባለን። ነገ የክፍል ኃላፊ ሆነው አንዲት ተማሪ «ታምሜያለሁ» ብላ ስትቆም ምክንያቱን በሰው ፊት ሳይጠይቁ የሚያስወጧት እነሱ ናቸው። የወር አበባ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እያወቁ ዝም ማለት ነው።