ሳይሮጡ መክሳት ይቻላልን?

ሰው መወፈሩን ለወዳጁ የነገረ እንደ ሆነ የሚሰጠው ምክር አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ጧት ተነሥተህ ሩጥ፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመህ ውረድና በእግርህ ሂድ፤ ሊፍቱን ትተህ ደረጃውን ውጣ» ይባላል። ምክሩ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ሰሚው በልጅነቱ ልምሻ የመታው፣ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ወይም አንድ እግሩን ያጣ ሰው እንደ ሆነስ? ለእርሱ ይህ ምክር በተዘጋ በር ላይ እንደ ተጻፈ «ይግቡ» የሚል ቃል ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች «እንግዲህ ለእኛ አልተፈቀደም» ብለው ነገሩን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ለማስረዳት የምንወደው ይህ ተስፋ መቁረጥ መሠረት የሌለው መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ አለመሆኑን እንረዳ። እግሩ ደኅና የሆነ ሰው ዐሥር ኪሎ ቢጨምር ጭማሪውን የሚሸከሙለት ለዚሁ ሥራ የተፈጠሩት ጭኖቹና ጉልበቶቹ ናቸው። በክራንች የሚሄደው ግን ያንኑ ዐሥር ኪሎ የሚሸከመው በትከሻውና በእጁ አንጓ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር፣ በተለምዶ ዊልቸር በምንለው፣ የሚንቀሳቀሰውም ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር በቀን ብዙ ጊዜ ገላውን በክንዶቹ ያነሣል። ትከሻው የታመመበት እንደ ሆነ እጁም እግሩም በአንድ ቀን ታመሙ ማለት ነው። ሰው ሠራሽ እግር ያደረገው ደግሞ የእግሩ ማቀፊያ የተሠራለት በልክ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሲጨምር ይጠብበዋል፤ ቆዳውንም ይልጠዋል። በዚህ ላይ ስኳር በሽታና የደም ግፊት አሉ። እንግዲህ ለዚህ ሰው ክብደት ማለት ነጻነት ማለት ነው። ትናንት ብቻውን ከአልጋው ይነሣ የነበረ ሰው በጊዜ ብዛት በጨመረው ኪሎ ምክንያት የሰው እጅ ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሰው የሚወፍረው ስለ ምንድር ነው? ሆዳም ስለሆነ ነውን? አይደለም። ሰውነት ገቢና ወጪ እንዳለው መሥሪያ ቤት ነው። ምግብ ገቢ ነው፤ ሥራና እንቅስቃሴ ወጪ ነው፤ ተኝተን እንኳ ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ የየድርሻቸውን ያወጣሉ። ጡንቻ ሽባ ሲሆን ይከሳል፤ ሲከሳም ወጪው ይቀንሳል። ስለዚህ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከወንድሙ ጋር በአንድ መሶብ ቀርቦ እኩል ቢበላ፣ ወንድሙ ባለበት ሲቆይ እርሱ ይወፍራል። ወቀሳ የሚገባው ነገር በዚህ ውስጥ የለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በሒሳብ የመጣ ነገር ደግሞ በሒሳብ ይመለሳል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም የአልኮል መጠጥ መንፈስ 7 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ ማለት 16 ካሎሪ ነው። አሁን አንድ ወጣት ጸሐፊ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል እንበል። በየብርጭቆው አንድ ማንኪያ ብቻ ቢያስቀር ስምንት ማንኪያ፣ ይኸውም 128 ካሎሪ ከቀኑ ገቢ ይቀነሳል። በድርሻው ከሚደርሰው ወጥ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጎድል ሁለቱ ተደምረው 248 ካሎሪ ይሆናሉ። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ በመካከለኛ እርምጃ ቢሄድ የሚያወጣው ከዚህ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሣ የአንድ ሰዓት መንገድ ሄደ ማለት አይደለምን? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ይህች ትንሽ ቁጠባ በወር ወደ አንድ ኪሎ ትጠጋለች። እየቆየ ሰውነት ወጪውን ስለሚያሳንስ ፍጥነቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

«እኔስ ጾመኛ ነኝ፤ ታዲያ ስለ ምን እወፍራለሁ?» የሚል ይኖራል። ጾም ሥጋንና ቅቤን ያስቀራል እንጂ ዘይትን፣ ዳቦንና ስኳርን አያስቀርም። በዘይት የተጥለቀለቀ የጾም ወጥ፣ ከጎኑም ለስላሳ መጠጥ ከቀረበ፣ ከፍስክ ማዕድ የማይተናነስ ሸክም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨምረውን ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ቢያወርደው እንደሚበጅ መክሯል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ይህን ያልፋል። ስለዚህ በሳህን ላይ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ሰላጣውና ቀይ ሥሩ ሰፊውን ቦታ ይያዙ፤ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ጡንቻን ስለሚጠብቁ አይጉደሉ፤ እንጀራው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ይቅረብ እንጂ እየተጨመረ አይምጣ።

እንቅስቃሴስ ፈጽሞ ይቅርን? ይቅር አላልንም። እግር ባይታዘዝ ክንድ አለ፤ ወገብ አለ፤ አንገት አለ። ሉድዊግ ጉትማን የተባለው ሐኪም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ያክም ነበር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስት ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ የተወለደ ነው። የእኛም አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ታክሞ የተረዳው በዚያው በስቶክ ማንደቪል ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው በክንዱ ለመጀመር አላፈረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ አካል ጉዳተኛ ጎልማሶችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ቢሠሩ እንደሚጠቅማቸው፣ ይህን ያህል የማይችልም ጥቂቱ ከምንም እንደሚሻለው ገልጿል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ በየእጁ አንዳንድ ይዞ ተቀምጦ ማንሣትና ማውረድ ይቻላል። ዊልቸርን በደልዳላ ሜዳ በራስ እጅ መግፋትም ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም የዚህ ዋና ጥቅም ልብንና ጡንቻን ማጠንከር መሆኑ አይዘንጋ፤ ኪሎውን በብዛት የሚቀንሰው ማዕዱ ነው።

ደግሞ ሚዛን የሚባል ችግር አለ። መቆም የማይችል ሰው በመድኃኒት ቤት ደጅ ባለችው ትንሽ ሚዛን ላይ እንዴት ይውጣ? መፍትሔው ሰፊ መድረክ ያለው ሚዛን ነው፤ የእህል መጋዘን ሚዛንም ቢሆን ያገለግላል። በመጀመሪያ ሰውየው ከነዊልቸሩ ይመዘናል፤ ቀጥሎ ባዶው ዊልቸር ይመዘናል፤ ልዩነቱ የሰውየው ክብደት ነው። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ክብደትን በቁመት የሚያነጻጽረው የተለመደው ስሌት ግን እግሩ ለተቆረጠ ወይም ጡንቻው ለከሳ ሰው በትክክል ስለማይሠራ፣ በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። የቀበቶ ቀዳዳና የሸሚዝ ቁልፍ ደኅና ምስክሮች ናቸው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በመቀመጥ ብዛት ቁስል የወጣበት ሰው ቁስሉ እንዲድን በቂ ምግብ ይሻልና ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይቀንስ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ። በልጅነቱ ልምሻ የመታው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ጡንቻው እንደ ገና ሊዳከም ስለሚችል፣ እስኪዝል ድረስ መሥራት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። አንዳንድ የሚጥል በሽታና የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ ይህ ሲሆን ሐኪሙን መጠየቅ ነው እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣን መጣል አይገባም። ሰው ሠራሽ እግር ያለውም ሲከሳ ማቀፊያው ስለሚሰፋበት ወደ ሠራው ባለሙያ መመለስ አለበት።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ለጉዳተኛው ብቻ የቀረበ ቢመስል ሐሳባችን አልተሟላም። ብዙ አካል ጉዳተኞች ወጡን የሚሠሩት ራሳቸው አይደሉም፤ እናት፣ እኅት ወይም ሠራተኛ ሠርታ ታቀርብላቸዋለች። ዘይቱን የሚለካው የሌላ ሰው እጅ ነው። በአገራችን ደግሞ ፍቅርም ኀዘኔታም የሚገለጠው በጉርሻ ነው። «እርሱ እንኳ በምግብ ይደሰት» እየተባለ በሞቴ ሲጨመርለት የሚውለው ሰው ለጎረሰው ሁሉ ማታ በትከሻው ይከፍላል። «በቃኝ» ሲል የሰማነው እንደ ሆነ ማመን ይገባናል። በመሥሪያ ቤትም አለቃ የሆኑ ወጣቶች ለስብሰባ ከለስላሳና ከብስኩት ጋር ውሃ ያቅርቡ፤ ለሠራተኛው የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ ከደረጃ ነጻ ያድርጉለት፤ መጸዳጃ የማይደርስ ሰው ውሃ ለመጠጣት ይፈራልና። «ለምን አትንቀሳቀስም?» ከማለታቸውም በፊት መንቀሳቀሻ መኖሩን ይመልከቱ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። በአንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ የቀረበ ዘይት አልባ ሳህን ቅጣት ይመስላል። የሁሉም ወጥ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ቢጎድለው ግን ማንም ቅጣት አይለውም፤ ቤተ ሰቡም አብሮ ይጠቀማል። እግሩ የማይታዘዝለት ወንድማችን የሚጠይቀን እንድንሮጥለት አይደለም። የሚጠይቀን በአንድ መሶብ ዙሪያ አብረነው ጥቂት እንድንቀንስ ነው።