የአሌክሳንድሪያ የጆርጂያን ዘመን ታውን ሀውስ

በፖቶማክ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ደቡብ የምትገኘው አሌክሳንድሪያ በ1749 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር መሬቷ በግማሽ ኤከር ገደማ እየተሸነሸነ በጨረታ ተሸጠ፤ የወደብ ንግዷ ሲደራ ግን ባለይዞታዎቹ ቦታቸውን እየከፋፈሉ ስለ ሸጡት፣ ወደ ጎዳናው ጠባብ ወደ ኋላ ረጅም በሆነ መሬት ላይ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ባለፎቅ የጡብ ቤቶች በረድፍ ተሠሩ። እነዚህ ታውን ሀውሶች ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ በነገሡት አራት ጆርጆች ስም ጆርጂያን ከሚባለው የእንግሊዝ አሠራር የተወለዱ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ነፃነት በኋላ ቀጠን ብሎ የመጣው ስልት ፌዴራል ይባላል።

የቤቱ አጥንት ሁለት ጎረቤታሞች የሚጋሩት የጎን ግድግዳ ነው። የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች የሚያርፉት፣ ምድጃውና የጭስ መውጫውም የሚታነጹት በዚሁ ላይ ነው፤ ከ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ በኋላ በዚያች ከተማ በሕግ የታዘዘው የጡብ ግድግዳ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ያግዛል። በጎን መስኮት ማውጣት ስለማይቻል ብርሃን የሚገባው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጎን ኮሪደርና ደረጃ፣ በሌላው ጎን ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ክፍል ይደረግና፣ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጠበብ ብሎ በጓሮ በኩል ይቀጠላል።

የፊቱ ውበት ከጌጥ ይልቅ ከልክ የመጣ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት መስኮቶች እርስ በርስ ትይዩ ሆነው ይደረደራሉ፤ ፎቁ በጨመረ ቁጥርም ብዙውን ጊዜ እያጠሩ ይሄዳሉ። ጡቡ የሚደረደረው ፍሌሚሽ በሚባለው ስልት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱ ጡብ ጎኑን፣ ቀጣዩ ራሱን ወደ ውጭ ያሳያል፤ ራሱን ያሳየው ጡብ ወደ ውስጥ ዘልቆ የግድግዳውን ሁለት ንብርብር ስለሚያስር፣ ዓይን የሚስበው ጥለት የጥንካሬው ምንጭም ነው።

ማያያዣው ኖራና አሸዋ ነው። በዘመኑ ምድጃ የተተኮሰው ጡብ ለስላሳ በመሆኑ፣ ከእሱ ይበልጥ የለሰለሰው ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ የግድግዳውንም ጥቃቅን እንቅስቃሴ ይችላል። በጠንካራ ሲሚንቶ የተሞላ መገጣጠሚያ ግን እርጥበቱን ጡቡ ውስጥ ያፍነዋል፤ ብርዱ ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ የጡቡን ፊት ይገሸልጠዋል። በድንጋይና በኖራ የታነጹት የጎንደር አብያተ መንግሥታትም በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው፣ ኋላ ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለሳቸው ይህንኑ ያስረዳል። አሮጌ ቤትን በቅን ልቦና ከሚጎዱ ጥገናዎች በሲሚንቶ መጠገንን የሚያህል ጥቂት ነው።

በፕሪንስ ጎዳና፣ በኮብልስቶን የተነጠፈውን ካፕቴንስ ሮውን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ይህንኑ ፊት ነው፤ የዘመኑን ኑሮ የተሸከመው ግን ብዙውን ጊዜ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚሠሩበትና የሚያድሩበት የጓሮው ክፍል ነበር። በዱክ ጎዳና 1315 ቁጥር ያለው ባለሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል፤ መጀመሪያ መኖሪያ የነበረው ይህ ቤት ከ1828 እስከ 1836 የፍራንክሊንና አርምፊልድ የባሪያ ንግድ ድርጅት መሥሪያ ቤት ሆኖ፣ በዙሪያው በታጠረው ግቢ ሰዎች ወደ ደቡብ እስኪላኩ ድረስ ይታገቱ ነበር። የከተማው አስተዳደር በ2020 የገዛው ይህ ሕንፃ ዛሬ ፍሪደም ሀውስ ሙዚየም ነው።

አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን የሚባለውን ነባር ክፍሏን በ1946 በሕግ የተጠበቀ ታሪካዊ ክልል አደረገችው። የሕንፃ ሥነ ጥበብ ገምጋሚ ቦርዷ የሚቆጣጠረው ከሕዝብ መንገድ የሚታየውን የውጭ ለውጥ ስለሆነ፣ የደረጃው፣ የምድጃውና የወለሉ እንጨት ዕጣ እስካሁን በየባለቤቱ እጅ ነው።